ዕጣ የማይስተው ሰው

ዴሚየን ባርኔጣው ውስጥ ያሉትን ሦስት ጥቅል ወረቀቶች ደጋግሞ አማሰላቸው። ከማደያው ነዳጅ ቀድተው ጨርሰዋል፤ ድንኳኑ፣ የበረዶ ሣጥኑና ታጣፊ ወንበሮቹ ቫኑ ላይ ተጭነዋል። የቀረው ዕጣ ማውጣት ብቻ ነበር። ዕጣ የወጣበት ሰው ቅዳሜንም እሑድንም ጠብታ ሳይቀምስ፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ በሚከበረው የቢራ በዓል ሌሎቹን ሸለቆው ውስጥ ካሉት ቢራ ጠመቃ ቤቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያመላልስ ይሰነብታል።

ያለፉትን ሦስት ዓመታት ዕጣው የወጣው በዴሚየን ላይ ነው። ጓደኞቹ እንዲህ ያለ ዕድለ ቢስ አይተው አያውቁም። ምስኪኖቹ፣ ሦስቱም ወረቀቶች ላይ የተጻፈው ያው የእሱ ስም መሆኑን በምን ይወቁ!

“በል እሱን ጣለው” አለ ስታቭሮስ፣ ከማደያው ሱቅ የገዛውን የሥጋ ፓይ እየገመጠ። ስታቭሮስ ሜልበርን ውስጥ ዓሣ ጠብሶ የሚሸጥ፣ ድምፁም ሆዱም ሰፊ የሆነ ሰው ነው። “ዘንድሮ ዕጣ የለም።”

“እንዴት የለም?”

“የለማ! ከናሬል ጋር ተማክረናል። አምና ውሃህን ይዘህ ቫኑ አጠገብ ተጎልተህ ሳይህ አንጀቴን በላኸው።”

ናሬል ፋታ አልሰጠችውም። ሃያ ዓመት በነርስነት ስትሠራ እምቢ ባይ ሕመምተኛ አሸንፏት አያውቅም፤ የቫኑን ቁልፍ ከጣቱ ላይ መንጭቃ ወሰደች። “የምነዳው እኔ ነኝ። አንተ ዘንድሮ እንደ ሙሽራ ከኋላ ቁጭ ብለህ መጠጣት ብቻ ነው ሥራህ።”

“ደንብ እኮ ደንብ ነው...”

“ግባ አንተ! ሙሽራ ተለምኖ ነው እንዴ የሚገባው?”

ገባ፤ ምን ያድርግ። ወረቀቶቹን ኪሱ ውስጥ ጨምድዶ ከተታቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴሚየን መጠጥ ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። የተጋጨው መኪና የለም፣ የተደባደበው ሰው የለም። ብቻ እሱ ዘንድ አንድ ብርጭቆ አንድ ሆኖ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይጠራል፣ ሁለተኛው ደግሞ ማኅበሩን ሁሉ። ጣሪያ ሊሠራ ጠዋት መሰላል ላይ ሲወጣ እጁ የተንቀጠቀጠ ዕለት ፈራ፤ ተወው። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ሊያን ብቻ ናት። “ንገራቸውና ተገላገል” ትለዋለች በየዓመቱ። እንዴት ብሎ ይንገራቸው? እሱ፣ ስታቭሮስ፣ ናሬልና ጆስሊን የተወዳጁት እኮ በእሱ ጋራዥ ውስጥ በፕላስቲክ በርሜል ቢራ ሲጠምቁ ነው። ጆስሊን ከዚያ ተነሥታ ዛሬ እዚሁ ሸለቆ ውስጥ የራሷ ጠመቃ ቤት አላት። ቢራው ከመካከላቸው ቢወጣ ምን ይተርፋል? ዴሚየን የሚፈራው አንድ የመጋቢት ቅዳሜ ማንም ሳይደውልለት እንዳያልፍ ነበር።

የመጀመሪያው ጠመቃ ቤት ሲደርሱ ሣሩ ላይ ሰው እንደ ጉድ ፈስሷል። ገና ከማሳው የተለቀመው የቢራ ጌሾ ሽታ ከቋሊማው ጭስ ጋር ተደባልቆ ያውዳል። አንድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ሦስት እኅትማማቾች ቫዮሊን፣ ባንጆና አኮርዲዮን ይዘው ወጥተዋል፤ ጺማም አጎታቸው ከኋላ ሆኖ ትሮምቦኑን ሲነፋ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። ውሻው፣ ሕፃኑ፣ አሮጊቱ ሁሉ በየፊናው ይዘላል።

“በሞቴ ይህን ቅመስልኝ!” አለ ስታቭሮስ ብርጭቆ እየዘረጋ። “ማንጎ ማንጎ ይላል።”

ዴሚየን ከንፈሩን ግጥም አድርጎ አረፋውን አስነካውና “እምም” አለ። ከዚያ በመሐረቡ ጠረገው። ስታቭሮስ ወደ ሙዚቀኞቹ ሲዞር ደግሞ ቢራውን አጠገቡ ካለው ባህር ዛፍ ሥር ደፋው። ሁለተኛውንም እዚያው። በሁለተኛው ጠመቃ ቤት ዛፍ ስላልነበረ፣ አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ባሉ ቁጥር ብርጭቋቸው ላይ ይገለብጥላቸው ጀመር።

“አንቺ ማርጆሪ” አሉ ሽማግሌው ለሚስታቸው፣ ብርጭቋቸውን ወደ ፀሐይ አንሥተው እያዩ፤ “ይህ ነገር አያልቅም እኮ!”

“ዝም ብለህ ጠጣ፤ ቆጥረህ ደግሞ ልታስወስደው ነው?”

ዴሚየን ሳቁ አመለጠው። ናሬልም ከሩቅ አየችውና ስታቭሮስን በክርኗ ጎሰመችው። “እየው እስቲ! አንድ ሁለት ሲል እንዴት ያምርበታል!” አለች። ደስታዋን ሲያይ ሆዱ ባባ፤ ቢነግራት ኖሮ ይሻል ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሐል ከየት ይጀመራል?

የፈሩት ይደርሳል። አመሻሹ ላይ ጆስሊን ግቢ ሲገቡ ሴትዮዋ ከበርሜሎቿ መሐል እየሮጠች መጥታ ዴሚየንን አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። “አንተን ነው ስጠብቅ የዋልኩት!” አለችና እጁን ይዛ እየጎተተች መድረክ ላይ አወጣችው። አንዱ ባንድ ወርዶ ሌላው ገመዱን እየቀጣጠለ ነበር።

“ይኼን ሰው ተመልከቱልኝ!” አለች በማይክሮፎኑ። “ሦስት ዓመት ሙሉ ዕጣ እየወጣበት፣ አንድ ቀን ሳያጉረመርም፣ እኛን ሰካራሞቹን በሰላም ቤታችን አስገብቶናል። አዲሱን ቢራዬን ለእሱ ክብር ‘ሾፌሩ’ ብዬዋለሁ። የመጀመሪያዋን ብርጭቆም የሚጠጣት እሱ ነው!”

መድረኩ ላይ ያለውን በርሜል የሸፈነውን ጨርቅ ስትገፈው የዴሚየን ቫን ተሥሎበታል። ሕዝቡ “ጭልጥ! ጭልጥ!” እያለ ያጨበጭብ ጀመር፤ ከሁሉም የስታቭሮስ ድምፅ ይጎላል።

ጆስሊን ቀድታ ያስጨበጠችው ቢራ ዳማ ነው፤ ብርጭቆው አልቦታል፤ ያምራል። እዚህ ባህር ዛፍ የለም፣ ሽማግሌም የለም። አንድ ጉንጭ ብቻ ናት፣ አለ በልቡ። ወዲያው ይህቺን “ብቻ” የምትል ቃል ለያት፤ ስንት ጊዜ ይዛው እንደጠፋች ያውቃል። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ በርሜሉ ላይ አስቀመጠው።

“ጆስ” ሲል ማይክሮፎኑ ድምፁን ለግቢው ሁሉ አዳረሰው። “ቢራሽ ያምራል። እኔ ግን አልጠጣም። መጠጥ ካቆምኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ።”

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

“ቆይ ቆይ ቆይ!” አለች ናሬል ከሕዝቡ መሐል። “ሦስት ዓመት? ታዲያ ዕጣው...?”

“ሁሉም ወረቀት ላይ የእኔ ስም ነበር።”

“አንተ ቀጣፊ! አንተ አጭበርባሪ! እኔ እኮ የምር አዝኜልህ ነበር!”

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በዚያ አገር ሰው አለመጠጣቱን ይቅር ይሉታል፤ ዕጣ ማጭበርበሩን ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፉትም። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ “ዳኛ ይጠራ!” ይላል፣ ሌላው ግማሽ ቋሊማ ወረወረበት። ጆስሊን እንባዋ እስኪወርድ ስቃ ብርጭቆውን አነሣች። “ስሙን አልቀይረውም!” አለችና ራሷ ጨለጠችው።

ያልሳቀው ስታቭሮስ ነበር። ዴሚየን ከመድረኩ ሲወርድ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘው።

“ለእኔ አትነግረኝም?” አለው።

“ፈራሁ፣ ስታቭ። የሚያገናኘን ቢራ ነው። እሱን ከተውኩ ምን ብላችሁ ትጠሩኛላችሁ ብዬ ነው።”

“ቢራ?” ስታቭሮስ ቱግ አለ። “ቢራ እኮ ሱቄ ፊት ለፊት ይሸጣል፣ አንተ ደደብ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ከናሬል ዘፈን ጋር ቫን ውስጥ የምታሸገው ለቢራ ይመስልሃል?” ከዚያ ቀዝቀዝ አለ። “ከብዶህ ነበር?”

“ከብዶኝ ነበር።”

“ብቻህን?”

“ሊያን ነበረች።”

ስታቭሮስ በሰፊ መዳፉ ማጅራቱን ይዞ ነቀነቀው። ዴሚየን ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላፈረም።

ናሬል ቁልፉን እያቅጨለጨለች ደረሰች። “ታዲያ እኔ ምን እጠብቃለሁ? ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ስጠጣ ውዬ ሆዴ ኩሬ ሆኗል! እንካ ቁልፍህን። ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሾፌር ነህ፤ ወንዙ ዳር ድንኳናችን ድረስ ትወስደናለህ። እኔም ሄጄ ያንን ‘ሾፌር’ ልቅመሰው።”

ዴሚየን እጁን ዘርግቶ ነበር። ቁልፍ የያዘ ሰው ሰላም አለው፤ ለምን አትጠጣም፣ ለምን አትጨፍርም የሚለው የለም። ሦስት ዓመት እዚያ ቫን አጠገብ ተቀምጦ ጓደኞቹን ከሩቅ አይቷቸዋል። መድረኩ ላይ ድራሙ ጀመረ፤ ስታቭሮስ ገና ሳይነሣ ትከሻው ቀድሞት ይወዛወዛል። ዴሚየን እጁን ሰበሰበ።

“አልቀበልም” አላት። “የዘንድሮ ሾፌር አንቺ ነሽ።”

“ምን? አንተ እኮ አትጠጣም!”

“አልጠጣም” አለና ስታቭሮስን ከሣጥኑ ላይ ጎትቶ አስነሣው፤ ሰው ወደሚጨፍርበትም ይዞት ገባ።