በተለማማጭነት

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፒያሳ በሚገኘው በዚህ መጽሐፍ አሳታሚ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ አንድ ፊደል ሳትኩ።

ተስኒም የመጽሐፍ ሽፋን ልትሠራ የመጣችው ለሦስት ወር ልምምድ ነበር። ዓመት ሞላት። እናቷን የታክሲ መጠየቅ እያሳፈራት ከአፍንጮ በር በእግሯ ትመጣለች። በየወሩ መጨረሻ የአለቃችንን የአቶ ራጉኤልን በር አንኳኩታ ስለ ቅጥሯ ትጠይቃለች፤ እሳቸውም "በሚቀጥለው ወር" ይሏታል። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ እሰማለሁ፣ ያንገበግበኛል፣ ዝም እላለሁ። መስኮታችን ላይ ከተደረደሩት መጻሕፍት የአራቱ ሽፋን የእሷ እጅ ነው።

በመጨረሻ ቸርችል ጎዳና ያለ አንድ ድርጅት ሊቀጥራት ፈልጎ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጪ አላት።

"የሽፋን ሠዓሊ ነበረች ቢሉልኝ" ስትል አቶ ራጉኤልን ለመነቻቸው።

"ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው እንዴት ሠራተኛ ይባላል፣ ልጄ?" አሉ ረጋ ብለው። ደሜን ያፈላው መርጋታቸው ነው። "የሺ፣ ተለማማጅ ነበረች ብለሽ ጻፊላት።"

እንደዚያ ከተጻፈላት አዲሶቹም እንደ ጀማሪ ነው የሚያዩዋት፤ የዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው። እየተናደድኩ ጻፍኩ። አቶ ራጉኤል አንብበው የሚፈርሙ ሰው አይደሉም፤ ፈረሙ። ማኅተም መትቼ ሰጠኋት፤ እዚያው ቆማ አነበበችው።

"እትዬ የሺ፣ እዚህ ጋ 'ጅ' መሆን ነበረበት።"

"በተለማማጭነት አገልግላለች" ይላል። አፈርኩ። አቶ ራጉኤል መጥተው አዩና ሳቁ።

"ልጅቷን ደጅ ጠኚ አደረግሻት እኮ። አስተካክይው።"

"ይተዉት፣ ጋሽ ራጉኤል" አለች ተስኒም፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። "ልምምዱ በሦስት ወር አልቋል። ከዚያ ወዲህ ስለማመጥዎ ነው የኖርኩት። ደብዳቤው ልክ ነው።"

ሳቃቸው ቀረ። መስኮቱ ላይ ያሉትን መጻሕፍት ሲያዩ ቆዩ።

"ሌላ ጻፊላት" አሉኝ። "የሽፋን ሠዓሊ ብለሽ።"

ተስኒም አዲሱን ደብዳቤ ይዛ፣ እኔን ጉንጬን ስማ ሄደች። የተሳሳተውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ዕለት ኢክራ የምትባል ልጅ ሥዕሎቿን ታቅፋ መጣች። አቶ ራጉኤል የሦስት ወር ልምምድ ደብዳቤ እንዳዘጋጅላት አዘዙኝ። ጻፍኩ። "ጅ"ዋን ሦስቴ አየኋት። ከሥሩ ግን ማንም ያላዘዘኝን አንድ መስመር ጨመርኩ፤ "ወርኃዊ ደመወዝ" ብዬ ቦታውን ባዶ ተውኩት።

እንደ ልማዳቸው ሳያዩ ይፈርማሉ ስል መነጽራቸውን አድርገው ያነቡ ጀመር። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያቀረቀርኩት ሴትዮ ያን ቀን አላቀረቀርኩም። ቁጥር ጻፉና ፈረሙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም።

ደስ ብሎኝ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ይቺን መስመር ለተስኒምም የዛሬ ዓመት መጻፍ እችል ነበር።