በሩን ማን ከፈተው?

ካውያ ይሏታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ላውንደሪ ቤት ቆማ የሰው ሸሚዝ ስለተኮሰች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷ የነካቸው ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው። ፊደል አልቆጠረችም፤ አትደብቀውም። «ያልተማርኩት ማንበብ ነው፣ ማሰብማ ማንም አላስተማረኝም» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ልብ ወለዱን የጀመረችው እዚያው እንፋሎቱ መሃል ነው፣ በጭንቅላቷ። አንድ ሸሚዝ ከኮሌታው እስከ እጅጌው ጫፍ ተተኩሶ እስኪያልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ታበጃለች። ካልጣማት ልክ እንደ ሸሚዙ ውሃ እፍ ትልበትና እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ጡረታ ስትወጣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛው ነበር። የቀረው ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምራቷ አለችላት።

ምራቷ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትከፍታለች፤ አማት ትናገራለች፣ ምራት ትጽፋለች፤ ከዚያ ታነብላታለች። አንዲት ቃል ዝንፍ ካለች ካውያ እዚያው ትይዛታለች።

«‹ወደ ገበያ ሄደች› አላልኩም። ‹ወጣች› ነው ያልኩት።»

«እማማ፣ ያው አይደል እንዴ?»

«እኔ እስከ በሩ ድረስ ነው ያየኋት። ወዴት እንደሄደች አንቺ ካየሽ ንገሪኝ።»

ታሪኩ ቀላል ነው። የአንዲት ልብስ ተኳሽ ባል ሁለት ልጅ ጥሎባት ይጠፋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ታሞ፣ ከስቶ ይመጣና በሯን ያንኳኳል። ሴትዮዋ ወንበሯን ስባ ከበሩ ጀርባ ትቀመጣለች። የልጆቿን ሸሚዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ማንኳኳቱ እስኪያቆም ክሩን እየቆረጠች ቁልፍ ትተክላለች። አለቀ።

የራሷ ታሪክ ይሁን አይሁን ደፍሮ የጠየቃት የለም። ልጇ ግን ንባቡ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ተነስቶ ይወጣ ነበር።

የመጀመሪያው አሳታሚ ጽሑፉን አሥራ አንድ ወር አስተኝቶ መለሰው። ከሦስተኛው ገጽ ወዲያ ያለው ወረቀት ከማተሚያው እንደወጣ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ሰው አልገለጠውም።

«‹ሥራው ጥልቀት ይጎድለዋል› ይላል» አለች ምራት ደብዳቤውን እያነበበች።

«ድንቄም! ቁርጭምጭሚቱን ነክሮ ተመልሶ ጥልቀት ይለካልኛል?»

ሁለተኛው «ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትለወጥም» ብሎ ጻፈ።

«ጥሎ የጠፋው እሱ፣ የምትለወጠው እሷ!» አለችና እራቷን ሳትበላ ተነሳች። በነጋታው ግን ምራቷን አንድ ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው አስነበበቻት፤ ምናልባት እውነት ይሆን እንደሆነ ብላ። አልነበረም።

የሦስተኛው አሳታሚ አርታኢ ግን አነበበው። ጉዱም ከዚያ ጀመረ። ቢሮው ጠርቶ ወንበር ስቦላት፣ የወደዳቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እየገለጠ ሲያሳያት ሆዷ ባባ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሸሚዜ ተቃጠለ የሚል እንጂ ሸሚዜ አማረ የሚል ሰው ገጥሟት አያውቅም።

«አንዲት ነገር ብቻ፣ እናቴ» አለ አርታኢው። «መጨረሻ ላይ በሩን ብትከፍትለትስ? አንባቢ ተስፋ ይፈልጋል። እንዲህ የጨከነ መጽሐፍ ለስጦታ የሚገዛ የለም።»

«በሩ አይከፈትም።»

«እሺ፣ ገርበብ…»

«ገርበብም አይል። ስጦታ የፈለገ ሽቶ ይግዛ።»

ሳቀ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለምራቷ ደወለና እሺ ማለቱ ተሰማ። ውሉ መጣ፤ ምራት አነበበች፣ ካውያ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች።

መጽሐፉ ታትሞ እቤት የገባ ቀን ካውያ አሸተተችው፣ ዳበሰችው፣ ጀርባውን እንደ ሕፃን መታ መታ አደረገችው። «በይ አንብቢልኝ፣ እስከ መጨረሻው» አለች። ምራት አነበበች። ሴትዮዋ ከበሩ ጀርባ ተቀመጠች፣ ቁልፉን ተከለች፣ ማንኳኳቱ አቆመ። የምራት ዓይን ግን ገጹ ላይ አልነበረም፤ መስኮቱን ነበር የምታየው። ካውያ ይህን ልብ ብላለች። ልጅቷም እንደኔ በቃሏ ያዘችው ብላ ኮራች።

በሳምንቱ በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ምረቃ ተዘጋጀ። ካውያ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ምራት በቀኟ፣ ልጇ ከምራት ወዲያ። አንድ ተዋናይ መድረክ ላይ ወጥቶ የመጨረሻውን ገጽ በጎርናና ድምፁ ማንበብ ጀመረ። ካውያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል በቃል ተከተለችው። ወንበሩ ተሳበ። ሸሚዙ ተዘረጋ። ክሩ ተቆረጠ።

«ሸሚዙን አስቀመጠች» አለ ተዋናዩ። «ተነሳች። በሩን ከፈተች።»

የካውያ ከንፈር ቆመ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ማነው የከፈተው?» አለች ወደ ምራቷ ዞራ።

«እማማ፣ እባክዎ ቀስ ብለው…»

«በሩን ማን ከፈተው ነው የምልሽ!»

ምራት አንገቷን ደፋች። «አርታኢው ካልተከፈተ አላትምም አለ። እኔ እምቢ ብዬ ነበር። ከዚያ ልጅዎት… ‹በመጽሐፍ እንኳ አንድ ቀን ይግባ› አለኝ። እሱ እየነገረኝ ጻፍኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ካውያ ቀና ብላ ልጇን አየች። አርባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ፊቱ በእንባ ርሶ፣ እንደ ሕፃን መዳፉን ገጥሞ ያጨበጭባል። ፊቷን ከእሱ መለሰች። በሩ አጠገብ የተከመረውን መጽሐፍ አየች። አንዱን አንስታ ያቺን መስመር ልሰርዝ ብትል እንኳ የቷ እንደሆነች አታውቃትም።

ፈርሚ ተብላ ጠረጴዛ ፊት ስትቀመጥ እምቢ የምትልበት ጉልበት አልነበራትም። አርታኢው ስሟን ማኅተም አስቀርጾላታል፤ ወረፋው ውስጥ ያለው ሁሉ «አስለቀሱኝ» እያለ መጽሐፉን ያቀርባል፤ እሷ ትመታለች።

አንዲት ቀጭን ሴት ቀደም ብላ ገዝታ ያነበበችውን፣ ጠርዙ የተጣጠፈ መጽሐፍ ይዛ ጎንበስ አለችላት።

«እማማ፣ እድሜ ይስጥዎት። ስምንት ዓመት ጥሎኝ የጠፋ ባል አለኝ። ሦስቴ መጥቶ ሦስቴም ዘግቼበት ነበር። ባለፈው እሁድ የእርስዎን ጨረስኩና ከፈትኩለት!»

ካውያ ማኅተሙን እንዳነሳች ቀረች። «ልጅ አለሽ?»

«ሁለት። ሴቷ ልብሷን ሰብስባ እህቴ ጋ ገባች፤ ወንዱ ደግሞ እሱ ያለበት ክፍል ድርሽ አይልም። ግን ይለምዱታል። አይደል፣ እማማ? እርስዎ ያውቁታል።»

«እኔ እኮ… ስሚኝ…»

«ወረፋው ረዘመ፣ እናቴ» አለ አርታኢው ከኋላዋ። የያዘችውን ማኅተም ከነእጇ ዝቅ አድርጎ ገጹ ላይ መታላት።

ሴትዮዋ መጽሐፏን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ባሌን ብቻውን ትቼው ነው የመጣሁት» አለችና በሰው መሃል ሹልክ ብላ ወጣች።

«አንቺ!» ካውያ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። «አንቺ ልጅ! እኔ አይደለሁም! እኔ ክፈቺ አላልኩም!»

ሴትዮዋ በሩ ላይ ዞር አለች። በጫጫታው አልሰማቻትም። የተሰናበተቻት መስሏት መጽሐፉን ከፍ አድርጋ አውለበለበችላት፣ ፈገግ አለችና ወጣች። ቀጣዩ ሰው የራሱን መጽሐፍ ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር።