ሥዕል የሌለው ወረቀት

ፈየራ መጽሐፉን አንድም ቀን አንብቦት አያውቅም፤ ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። ሚስቱ ገዲሴ የመሠረተ ትምህርት ጥናቷን ጮክ ብላ ስታነብ፣ እሱ ለላሚቱ ድርቆሽ እያቀረበ ሰምቶ ሰምቶ፣ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ገጹን ይለያል። እሱም በሚማርበት ክፍል ውስጥ እንዲያነብ ሲነሳማ ጣቱን ፊደሉ ላይ እያስኬደ ያወርደዋል፣ ጉድ ነው! ጎረቤቱ ሁሉ «ሰውዬው ተማረ» አለ።

ለዚህ ያበቃው ችግር ነው። የአባቱ መሬት ለፋብሪካ ከተወሰደ ወዲህ ቤቱ የሚኖረው በአንዲት ላም ነው። አሁን እዚያው ሰፈራቸው መካኒሳ ያለው ፋብሪካ ዘበኛ ይፈልጋል፤ ግን ማንበብ መቻሉን የሚያስመሰክር ወረቀት ያለው ብቻ።

የፈተናው ዕለት መምህርቷ ሸዋረገድ ሥዕል የሌለው ወረቀት ሰጠችው። ፈየራ ጉሮሮውን ጠራርጎ የመጽሐፉን ሦስተኛ ገጽ ለቀቀው። ወረቀቱ ግን የሚለው ስለ ውሃ ማፍላት ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፈየራ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ፈተናውን ሊያይ የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ግን አልሳቀም። «መሃይምነትን አጥፍተናል» ብሎ ሪፖርት የሚያደርግበት ቀን ደርሶበታል። «ጓድ ፈየራ አልፈዋል!» አለና ማኅተም ያረፈበትን የምስክር ወረቀት እጁ ላይ አኖረለት።

ፈየራ ወደ መምህርቷ ዞረ። «ልጄ፣ ምን ይላል?»

ሸዋረገድ አንገቷን ደፋች። «ማንበብና መጻፍ ችለዋል ነው የሚለው፣ አባባ።»

እንጀራው እጁ ላይ ነው። ግን የፋብሪካው በር ላይ ቆሞ፣ ዕቃ የጫነ መኪና ሹፌር የመውጫ ወረቀት ሲዘረጋለት ታየው። ወረቀቱን ማንበብ ካልቻለ ሌባውን በገዛ አፉ «እለፍ» ሊለው ነው እኮ! ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«ስችል ስጡኝ» አለ።

ገዲሴ ስትሰማ ጮኸች። «አብደሃል እንዴ? ምን ልንበላ ነው?» እውነቷን ነው፣ ሽሮው እንኳ አልቋል። ቆይታ ቆይታ ግን ነጠላዋን ሳበች። «እኔ እኮ የእውነት ወረቀት አለኝ» ብላ ወጣች።

ፋብሪካው ገዲሴን ዕቃ ግምጃ ቤት ቀጠራት። ሰፈሩ «ሚስቱ ናት የምታበላው» ብሎ አማው፤ ፈየራንም ከነከነው፣ ለምን ይዋሻል። ቢሆንም በሃምሳ ዓመቱ ከ«ሀ» ጀመረ፤ ቀን ቀን ደግሞ ምሳዋን ያደርስላታል።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን ምሳውን እንደያዘ የፋብሪካው በር ላይ ቀጥ አለ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሥዕል የለውም። ጣቱን አስጠጋ። «ዘ... በ... ኛ... ይ... ፈ... ለ... ጋል።» ደገመው። ያው ነው!

ምሳውን ለገዲሴ አቀበላትና እንባውን በጋቢው እየጠረገ በቀጥታ ሸዋረገድ ዘንድ ሄደ።

«ልጄ፣ አሁን ስጪኝ» አላት።