የሶፊያ የጸደይ እንቅልፍ

ዝላትካ የዶክትሬት ጥናቷን ለፈታኞች ልታቀርብ ሃያ ደቂቃ ሲቀራት፣ አክስቷ ዶንካ ኮሪደሩ ላይ አስቁመው ቀይ እንቁላል ጉንጯ ላይ ያሹባት ጀመር።

"አክስቴ፣ ቀለሙ ይለቃል።"

"ይልቀቅ። በጸሎተ ሐሙስ መጀመሪያ የተቀለመ እንቁላል ጉንጩን የነካው ሰው ዓመቱን ሙሉ አይታመምም። ፈተናም አይወድቅም፤ ይሄኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ዝላትካ ፈገግ አለች። ሦስት ዓመት የለፋችበት ጥናት የሶፊያንና የዛግሬብን የአክሲዮን ገበያዎች ያወዳድራል፤ አዲስ ወሬ ሲሰማ ዋጋውን ቶሎ የሚያስተካክለው የትኛው ነው? መልሱ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነበር። ጸደይ ሲመጣ የሶፊያ ገበያ የዛግሬብን ገበያ ልክ በሁለት ቀን ዘግይቶ ይከተላል፤ ጥቂት ሳምንት እንዲህ ይሰነብትና በድንገት ይነቃል። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ካመን "የጸደይ እንቅልፍ" ብለው ስም አውጥተውለት በአየር ለውጥ አሳብበዋል። አንድ ዓመት ላይ እንቅልፉ ሲጠፋ "ያ ዓመት ልዩ ነበር" ብለው አልፈውታል። አንደኛው ፈታኝ ይህን ሊሰሙ ነው ከዛግሬብ የመጡት።

"እህቴ ካትያ ትናንት ከዛግሬብ ደወለችልኝ" አሉ ዶንካ። "የነሱ የካቶሊኮቹ ፋሲካ ካለፈ ወር ሊሞላው ነው፤ እኛ ገና ጾም ላይ፣ ባቄላ ላይ ነን። 'ምንጊዜም ኋላ ናችሁ' ብላ ሳቀችብኝ።"

"እርስዎስ ምን አሏት?"

"ኋላ አይደለንም፣ ቀናችን ሌላ ነው አልኳት።"

ዝላትካ ክው አለች። ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። የሁለቱን ከተሞች ዋጋ ጎን ለጎን የደረደረችው በቀን ሳይሆን በተራ ቁጥር ነበር። ዛግሬብ ለፋሲካዋ ሁለት የሥራ ቀን ስትዘጋ ዝርዝሯ ሁለት ረድፍ ወደ ላይ ይሳባል፣ ሶፊያም ሁለት ቀን የዘገየች ትመስላለች፤ ሶፊያ በተራዋ ስትዘጋ እንደገና ይስተካከላል። ያ ልዩ የተባለው ዓመት ደግሞ ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን የዋሉበት ነው። ገበያው አላንቀላፋም። ያንቀላፋችው እሷ ናት።

ፕሮፌሰር ካመን ከአዳራሹ ብቅ አሉ።

"ፕሮፌሰር፣ አራተኛው ምዕራፍ ስህተት ነው። ፋሲካ ነው።"

"ፋሲካ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ቶሎ እንጨርስ የምለው።"

አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አዩ።

"ያለሱ ምን ይተርፍሻል?"

"ሁለቱ ገበያዎች እኩል ናቸው የሚል።"

"ይህን ለመስማት ሰው አውሮፕላን ይሳፈራል?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ማንም አላየውም። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔም አላየሁት። ዛሬ እለፊና በኋላ ታርሚዋለሽ። አለዚያ ዲግሪውን ሊከለክሉሽ ይችላሉ።"

ፕሮፌሰሩ በሩን ከፍተው ቀድመዋት ገቡ።

"ልጄ፣ መጠቅለያ የሚሆን ወረቀት አለሽ?" አሉ ዶንካ ቦርሳቸውን እየጎረጎሩ። "ለፈታኞቹ ያመጣኋቸው እንቁላሎች እርስ በርስ እየተጋጩብኝ ነው። ከፋሲካ በፊት መሰበር የለባቸውም።"

ከአዳራሹ ስሟ ተጠራ። ዝላትካ ከጥናቷ ጥራዝ አራተኛውን ምዕራፍ፣ ሠላሳ ሁለቱን ገጽ፣ ገንጥላ ለአክስቷ ሰጠች። ከዚያም ቀይ ጉንጯን ሳትጠርግ ገባች።