ሦስተኛው ገበታ

በድርጅቱ የሠራተኞች ዓመታዊ በዓል ሁለት ገበታ ይዘረጋል፤ ወልደጻድቅ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከሁለቱም በልቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ትልቁ መጋዘን በዓመት አንዴ፣ የሰኔ ቆጠራ ሲያልቅ፣ ግማሽ ወለሉ ባዶ ይሆናል። የጨውና የሩዝ ኬሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ እስከ ጣሪያው ይደረደራል፤ ወለሉ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ከዚያ በስተቀኝ በክርስቲያን የታረደ በሬ፣ በስተግራ በእስላም የታረዱ ፍየሎች ይቀርባሉ። ማንም አይከፋውም። ድሬ ላይ ሰው አብሮ ይሠራል፣ አብሮ ይስቃል፣ ሥጋ ሲመጣ ወደየወገኑ ዞር ይላል፣ ሲጠግብ ተመልሶ ይገናኛል።

ይህ ያልጣማቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ወልደጻድቅና ሙመድ። ሁለቱም ኬሻ ደርዳሪዎች ናቸው። ኬሻ መደርደር የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ይይዝና እኩል ያነሣሉ፣ እኩል ይወረውራሉ፤ አንዱ ቀድሞ ከለቀቀ የሌላው ወገብ አለቀለት። እንዲህ ተያይዘው ሲያነሡ የሚውሉ ሰዎች በዓመት አንድ ቀን አንተ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ መባባሉ አልሆንላቸው አለ። እናም ሙመድ ሚስቱን መሪያምን ፉል አሠራ። ፉል ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ይሆናል፤ ሥጋ የለበት፣ ጣጣ የለበት። ከኬሻው ቁልል ኋላ፣ ከጀርባው በር አጠገብ ተቀምጠው አንድ ድስት ፉል በሁለት ዳቦ በሉ። ከዚያ ወዲህ የእነሱ በዓል እዚያ ሆነ።

የሙመድና የመሪያም ልጅ ናፊሳ ካደገች ጀምሮ ድስቱን በጀርባ በር የምታመጣው እሷ ናት። በማግሥቱ የሚመልሰው ደግሞ ወልደጻድቅ ነው። ባዶውን አይመልስም፤ ከቀበሌ የደረሰውን ስኳር ይጨምርበታል። ናፊሳም «አባባ ወልዴ መጣ» እያለች በሩ ላይ ትቀበለዋለች። ሚስቱን ቀብሮ ልጅ ሳይወልድ የቀረ ሰው ነውና፣ በዚህ ዓለም ላይ አባባ የምትለው እሷ ብቻ ነበረች።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን ሙመድ አልነበረም። ታኅሣሥ ላይ እኅቱ ታማበት ፈቃድ ወስዶ ጅቡቲ ሄደ። ፈቃዱ አለቀ፣ እሱ አልተመለሰም። «ኮበለለ» ተባለ። በዚያ ዘመን ከኮበለለ የሞተ ይሻላል፤ የሞተን ቢያንስ በስሙ ጠርተው ያለቅሱለታል። ወልደጻድቅ መሪያምን ሁለት ጊዜ ሄዶ ጠየቃት። ለሦስተኛው ሲሰናዳ የድርጅቱ ካድሬ ጓድ ሣህሉ አስጠራውና፣ ከኮብላይ ቤት ምን ያመላልስሃል ብሎ በለሰለሰ አንደበት ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ ተሻግሮ እነመሪያም ወዳሉበት ወደ መጋላ ሰፈር አልሄደም። ፈራ። ይህን ማለባበስ አያስፈልግም፤ ሰውየው ፈሪ ነበር፣ ራሱም ያውቀዋል።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሣህሉ ደግሞ አስጠራው። ሣህሉ ንግግር ከጀመረ ከድሬ የተነሣ የጭነት ባቡር ቀድሞት ጅቡቲ ይገባል፤ ያን ቀን ግን አሳጠረው። በበዓሉ ላይ ሂስና ግለሂስ ይኖራል፤ ወልደጻድቅ ይነሣና ስለ ሙመድ ይናገራል። ከኮብላዩ ጋር ከአንድ ድስት ሲበላ የኖረው እሱ ነው፤ ዝም ቢል ዝምታው ይተረጎምበታል። በድርጅቱ ግቢ ውስጥ የሚኖርባት ክፍልም ለነቃ ሠራተኛ የተሰጠች ናት። ላልነቃ ከሆነች ሌላ ፈላጊ ሞልቷል።

ያቺ ክፍል ሦስት እርምጃ በአራት ብትሆን ነው። ሚስቱ በለጠች ያረፈችው እዚያው ነው፤ ነጠላዋ የሚሰቀልበት ምስማር ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። ከዚያ ቢያስወጡት የሚገባበት ቤት የለውም፤ አገሩ መንዝ ቢመለስ እንኳ የሚያውቀው ሰው አልቋል። በመጨረሻ ራሱን እንዲህ ብሎ አሳመነ፤ ሙመድ ጅቡቲ ነው፣ አይሰማም። እናትና ልጁም ቢሆኑ አይሰሙም። አባወራው በሌለበት፣ እኔም ከቤታቸው እግሬን ባጠፋሁበት ዓመት ማን ፉል ተሸክሞ ይመጣል? የምናገረው ነገር ከመጋዘኑ ቆርቆሮ ሳያልፍ እዚያው ይቀራል።

ሐምሌ አሥራ ሦስት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ መጋዘኑ ሞላ። መፈክሩ ተሰቀለ፣ በሬው ተበለተ፣ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ዘንድሮ ቁልሉን ከወልደጻድቅ ጋር የደረደረው ከሌላ መጋዘን የመጣ ሰው ነበርና ትንሽ ጠሟል። ያን ያየ እሱ ብቻ ነው።

ስሙ ሲጠራ ተነሣ። ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ሙመድ ዒልሚን ጓደኛዬ እያልኩ ስጠራው ኖሬአለሁ» አለ። «ጓደኛዬ አልነበረም። አብዮቱን የከዳ እኔንም ከድቶኛል። ንቃት ስለጎደለኝ አላወቅሁትም። ከቤቱ የበላሁት እህል ሁሉ ያሳፍረኛል።»

የመጨረሻዋ ቃል ሣህሉ ያስጠናው አልነበረችም። ምን እንደነካው እንጃ፣ አፉ ከራሱ ጨመራት። ተጨበጨበለት። ከግራ በኩል የተቀመጡትም አጨበጨቡ፤ ብቻ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ጥለው ነበር።

ገበታው ሲቀርብ ከቀኙ ወገን ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት፣ ሥጋም አነሡለት። በትሕትና ነው ያደረጉት። ማንም ግን ጨዋታ አልጀመረለትም፤ ከዚያ ገበታ በልቶ ስለማያውቅ ምን እንደሚወድ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ከዚያ እግሩ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ወደ ቁልሉ ኋላ ወሰደው፤ ብቻውን ሊቀመጥ ነበር።

በየዓመቱ በሚቀመጡበት ቦታ፣ በቀይ ፎጣ የተቋጠረ ድስት ተቀምጧል።

ፎጣውን ፈታው። ፉል ነው። ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል፣ ቃሪያው ተከትፎበታል፣ ገና ትኩስ ነው። ከጎኑ ሁለት ዳቦ አለ። ወልደጻድቅ ኬሻው ላይ ተቀመጠ። የጀርባውን በር የሚጠብቀው ዓደን ደጃፉ ላይ ጫቱን ይዞ ተደግፏል። ማን እንዳመጣው ጠየቀው፤ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፣ ሌላ ስም ይጠራልኝ እንደሆነ ብሎ ነው።

«ናፊሳ ናት አቦ» አለ ዓደን። «አንተ ስትናገር እዚህ ቆማ ነበር። ቁጭ በይ አልኳት፣ እምቢ አለች። አንተ ንግግርህን ስትጨርስ ሄደች።»

«ሁሉን ሰማች?»

«ወላሂ ድምፅ ማጉያው እኮ እዚሁ ነው ያለው» ብሎ ወደ ላይ አሳየው። እውነትም አንዱ ከቁልሉ ጫፍ ላይ ታስሯል። ያሰረው ራሱ ወልደጻድቅ ነው፤ ኋላ የሚቀመጡትም ይስሙ ተብሎ ታዝዞ ነበር።

በላ። ሙሉውን ድስት መመለስ ንቀት ይሆንብኛል ብሎ ፉሉን በአንድ ዳቦ ጨረሰው። መሪያም ከሙን የምታበዛው ሙመድ ስለሚወድ ነበር፤ ዘንድሮም አብዝታለች። እዚያ ሲደርስ ዕንባው መጣ፣ አላስቆመውም። ሁለተኛውን ዳቦ ለዓደን ቢዘረጋለት፣ ይሄ የሙመድ ነው ብሎ አልቀበልም አለው።

እንደ ወትሮው ማግሥቱን ሊጠብቅ አልቻለም። አሥር ሰዓት ላይ ድስቱን ቦኖ ውኃ ላይ አጠበ፣ የወሩን ስኳር ሁሉ ገለበጠበት፣ በፎጣው መልሶ ቋጠረውና የደቻቱን ደረቅ አሸዋ አቋርጦ ወደ መጋላ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ለናፊሳ የሚለውን ሲያጠና ነበር። ክፍሏን ሊነጥቁኝ ነው እላታለሁ፤ አስገድደውኝ ነው እላታለሁ። ያቺን የመጨረሻዋን ግን ማን አስገደደህ ብትለኝስ? እዚህ ጥያቄ ላይ ሳለ በሩ ላይ ደረሰ።

የከፈተችው ናፊሳ ናት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ድስቱን ተቀብላ ክዳኑን አነሣች፣ ስኳሩን አየች፣ ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ጥቂት ቆይታ ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«ድስቱን ስለመለሱልን እናመሰግናለን፣ ጓድ ወልደጻድቅ።»

ጓድ ወልደጻድቅ የሚባለው መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። በዚህ ቤት ከወልዴ ሌላ ስም ኖሮት አያውቅም።

ከጓዳ የመሪያም ድምፅ መጣ። «ማነው ናፊሳ? ወልዴ ከሆነ ግባ በይው። ዘንድሮ ብቻውን ነው።»

ናፊሳ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር መለሰች። «አይደለም እማ። ከድርጅቱ የመጡ ሰው ናቸው።»

ለእናቷ እንዳልነገረቻት ያን ጊዜ ገባው። ወልዴ አሁንም በዚያ ቤት ውስጥ ነበር፤ መሪያም ጓዳ ሆና ግባ የምትለው እሱን ነው። ናፊሳ ያን ወልዴን ለእናቷ ልታቆይላት ይህኛውን ደጅ አስቀረችው። እኔ ነኝ መሪያም ለማለት አፉን ከፈተ። ጠዋት ሳይጠየቅ የጨመረ አፍ አሁን ሦስት ቃል አቃተው።

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ወልደጻድቅ ስኳሩን በእጁ፣ የሙመድን ዳቦ በኪሱ እንደያዘ አሸዋውን መልሶ ተሻገረና ወደ ክፍሉ ገባ።