የነፋሲት ጉም

ሰውየው ስለ ጉሙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ፣ ኣስካሉ የሻሂ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቱን በደንብ አየችው።

"ነፋሲት ላይ ነው ወይስ ከዚያ በላይ ነው የሚበረታው?" ነበር ያለው።

"ከዚያ በላይ!" አሉ መምህር ተወልደመድኅን፣ ጠያቂ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው። "አርበሮባ ላይ ነው። ከባሕሩ ተነሥቶ ገደሉን እየታከከ ይወጣና መንገዱ የሚጠማዘዝበት ላይ ይተኛል። ረፋድ ላይ ይሳሳል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል።"

"ከፊት የሚመጣ ማኪና አይታይም ማለት ነው?"

"ማኪና ነው የምትለኝ? የገዛ እጅህን አታይም!"

ሰውየው ዘርዓይ ይባላል። የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፣ ከኣስመራ ምጽዋ እመላለሳለሁ ብሎ ነበር ራሱን ያስተዋወቀው። ወደ ሻሂ ቤቱ መምጣት ከጀመረ ገና ብዙ አልሆነውም። ሌሎቹ ስለ ዝናብም፣ ስለ ውርጭም፣ ስለ ነፋስም ያወራሉ፤ እሱ የሚጠይቀው ስለ ጉም ብቻ ነው።

ኣስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ያለችው የከማሉዲን ሻሂ ቤት ጠባብ ናት። እሑድ እሑድ ግን የጥጉ ጠረጴዛ የሰማይ ወሬ ለሚወዱት የተተወ ነበር። መምህር ተወልደመድኅን ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፤ ወደ አገሩ ከተመለሰ ጣሊያናዊ የገዙት ቴርሞሜትር ከቤታቸው በር አጠገብ ተሰቅሏል፣ ግቢያቸው ውስጥ ደግሞ ዝናብ የሚለኩበት የቲማቲም ቆርቆሮ አስቀምጠዋል። ኣስካሉ ስልከኛ ናት። ተወልዳ ያደገችው ጊንዳዕ ስለሆነ፣ ኣስመራ በታኅሣሥ ደርቃ አቧራ ስታቦን የእሷ አገር ዝናብ እንደሚዘንብበት ሳትናገር የምታልፍበት እሑድ የለም። ከማሉዲን ከወሎ መጥቶ ሻሂ ቤት ከከፈተ ዓመታት ቢያልፉም፣ ከዚያ የመጣ መንገደኛ ሲያገኝ ከዘመድ አዝማድ ጤና በፊት የሚጠይቀው በልጉ ጥሏል ወይ ብሎ ነው። ትግርኛው ከገበያ ስለማያልፍ እሱ ባለበት ሁሉም የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ኣስካሉና መምህሩ አማርኛን የተማሩት በትምህርት ቤት ነበር።

"በዓመት ሁለት ክረምት ያለው አገር የእኔ ብቻ ነው" ትላለች ኣስካሉ።

"የኛው በልግስ?" ይላል ከማሉዲን፣ የሻሂ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ። "በልግ ማለት እኮ ለጋ ዝናብ ነው። እንደ ክረምቱ አይደበድብሽም።"

"ለጋ ሆነ ሻካራ፣ የሚዘንበው ከተራራ በላይ ነው። የእኛ የሚመጣው ከባሕር ነው። ሽታው ራሱ ሌላ ነው።"

በዚህ ጊዜ መምህሩ ጣታቸውን አንሥተው ያስታርቃሉ፤ እንዲህ ሲሆን ሰዓቱ ሳይታወቅ ይሄዳል። የዚያን እሑድ ግን ኣስካሉ ብዙ አልተጫወተችም። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ወዲህ፣ ከተማው ውስጥ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ይመስላት ነበር። ወይ ጫካ ለገቡት ታጣቂዎች ይሠራል፣ ወይ ለጸጥታ ይሠራል። ዘርዓይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ልታውቅ አልቻለችም።

ማክሰኞ ጠዋት የነፋሲቷ ስልከኛ ለተገብርኤል በመስመሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሰምተሻል?"

"ምኑን?"

"ከኛ በላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ የወታደር መኪና መቱ። ተኩሱን ሁላችንም ሰማን፣ ያየ ግን የለም።"

ኣስካሉ መስመሩን ዘጋችው። ቀኑን ሙሉ የሰዎችን ጥሪ ስታገናኝ በጆሮዋ የሚሰማት ግን የመምህሩ ድምፅ ነበር። አርበሮባ ላይ። መንገዱ የሚጠማዘዝበት ላይ ይተኛል።

መምህር ተወልደመድኅንን በማግስቱ ከሚያስተምሩበት ክፍል ወሰዷቸው። ባለቤታቸው ለተሰንበት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደ ኣስካሉ ቤት መጣች። ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም።

"ቴርሞሜትሩንም ወሰዱት" አለች። "ይሄ መሣሪያ ከየት አገር ነው የመጣው ይሉኛል። ቆርቆሮዋን ገልብጠው አዩዋት። ጉሙን ለማን ነው የሚነግረው አሉኝ። ጉም ደግሞ ለሰው ይነገራል እንዴ? ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እናንተ እዚያ ምንድን ነው የምታወሩት?"

"ስለ ዝናብ ነው። እምልልሻለሁ፣ ስለ ዝናብ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ስለ ዝናብ ማን ነገራቸው?"

ለተሰንበት ከሄደች በኋላ ጥያቄው ቤቱ ውስጥ ቀረ። በዚያች ጠረጴዛ ላይ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። መምህሩ ታስረዋል፣ ኣስካሉ ራሷን ታውቃለች። የቀሩት ዘርዓይና ከማሉዲን ናቸው። የከማሉዲንን ሻሂ ጠዋት ጠዋት ፖሊሶች እንደሚጠጡ፣ አንዳንዶቹንም በስም እየጠራ እንደሚያስተናግዳቸው ስታስታውስ፣ እስከዛሬ ምንም ያልመሰላት ነገር ጥርጣሬ ሆነባት።

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ከአውቶቡሱ የወረደችው ከወትሮው አልፋ፣ በሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ነበር። ሻሂ ቤቱን በማዶ በኩል አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል፣ ከማሉዲን ሽርጡን እንደታጠቀ መንገዱን አቋርጦ ወደ እሷ መጣ።

"ኣስካሉ እህቴ፣ ደጄን ማየት ጠላሽ?"

"ቸኩዬ ነው።"

"አልቸኮልሽም። ጠርጥረሽኝ ነው።"

ከአፏ አመለጣት፦ "ቤትህ የፖሊስ መሰብሰቢያ ነው!"

"ፖሊስ ሻሂ አይጠጣም? ልከለክለው ነው?" ሽርጡን ፈታ፣ መልሶ አጠበቀው። "እውነቱን ልንገርሽ? እኔ የጠረጠርኩት አንቺን ነው። ከነፋሲት ጋር ቀኑን ሙሉ የምታወሪው አንቺ ነሽ። የሰው ወሬ ሁሉ በጆሮሽ ነው የሚያልፈው።"

"እኔን!"

"አዎ፣ አንቺን። ትናንት እኔንም ጠርተው እስኪመሽ አቆሙኝ። ለሰፈሩ ሰው፣ አማርኛ ስለምናገር የመንግሥት ጆሮ ነኝ። ለእነሱ ደግሞ እስላም ስለሆንኩ የጀብሃ፣ የጫካዎቹ፣ ወዳጅ ነኝ። ወላሂ፣ የት እንደምቆም ግራ ገባኝ።"

"ዘርዓይስ?"

"ከእሑድ ወዲህ አላየሁትም። ማን እንደሆነም አላውቅም። ሻሂ ቀዳሁለት፣ ጠጣ፣ ሄደ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።"

ኣስካሉ ዓይኑን አየችው። ደክሞታል። አመነችውም፣ አላመነችውም። "ደህና ዋል" ብላው ሄደች፤ ጥቂት እንደራቀች ዞር ስትል እሱም ቆሞ እያያት ነበር።

መምህሩን በሳምንቱ ለቀቋቸው። ኣስካሉ ያገኘቻቸው ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ ነው። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ከፎርቶ ኮረብታ በላይ ጥቁር ደመና ተቆልሏል፤ በዚያ ደረቅ ወር ኣስመራ ላይ እንዲህ ያለ ደመና ማየት ብርቅ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሩቅ እጃቸውን እያወናጨፉ ይጠሯት ነበር።

"እንኳን እግዚአብሔር አስፈታዎት" አለቻቸው።

"የቐንየለይ" አሉ፣ በትግርኛ እያመሰገኑ።

"መምህር፣ ደመናውን አዩት? በዚህ ወር እኮ…"

"የምን ደመና?" አሉ፣ ዓይናቸውን ከአስፋልቱ ሳያነሱ። "እኔ ደመና አላየሁም።"

አውቶቡሱ ሲመጣ እሷን አስቀድመው አስገቧትና እሳቸው ሳይሳፈሩ ቀሩ። በመስኮቱ ስታያቸው በእግራቸው እየሄዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኣስካሉም ስለ ሰማይ ማውራት ተወች። ለተገብርኤል እንደ ልማዷ "ዛሬ እኛ ጋ…" ብላ ስትጀምር "መስመር ተይዟል" እያለች ታቋርጣት ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ለተገብርኤል ቀደመቻት። "ዛሬስ የደጄን ደፍ እንኳ አላይም፣ አርበሮባማ አይወራም" ብላ መስመሩን ራሷ ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ኣስካሉ ባኒ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ፣ ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ጭነት የሞላበት መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ አገኘች። ጭነቱ ላይ ሁለት ሴቶች ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ አንደኛዋ ሕፃን ታቅፋለች። ከመሪው ኋላ ያለው ዘርዓይ ነው።

"ኣስካሉ ሓፍተይ" አላት በትግርኛ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። "እግዜር ነው ያገናኘኝ። ነፋሲት ዛሬ እንዴት ናት? ፍሬኑ እንደ ድሮው አይደለም።"

ኣስካሉ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ማዶ አየች። መምህሩ ከታሰሩ ወዲህ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ተደግፎ ጋዜጣ ያነባል። ዛሬም አለ። ገጹን አይገልጥም።

"አላውቅም" አለችው።

"ስልክ አልደወሉም?"

"አላውቅም አልኩህ እኮ።"

ዘርዓይ ትንሽ አያት። በፊቱ ላይ ያየችው ቅሬታ ይሁን ተንኰል ሊለይላት አልቻለም። "እሺ፣ ሓፍተይ" አለና ማርሽ አስገባ። መኪናው እየተንገራገጨ ሲነሣ ከላይ ያለችው እናት ሕፃኗን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።

ምናልባት ይህ ሰው መምህሩን አሳልፎ የሰጣቸው ነው። ምናልባት ወሬውን ወደ ጫካ የወሰደው ነው። ምናልባትም ፍሬኑ ያረጀበት ሹፌር ብቻ ነው። ኣስካሉ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላወቀችም፣ መኪናው ግን ወደ ምጽዋ መንገድ እየታጠፈ ነበር።

ሮጣ የመኪናውን በር በመዳፏ መታችው።

"ዘርዓይ! ቁም!"

ቆመ። በሁለታቸው ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ ቀስ ብላ ልትነግረው ትችል ነበር፤ ማዶ የቆመው ሰው ምንም አይሰማም ነበር። ኣስካሉ ግን ትምህርት ቤት በተማረችው አማርኛ፣ ጥሪ ስታገናኝ በምትናገርበት ጥርት ባለ ድምፅ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

"አርበሮባ ላይ ከባድ ጉም አለ! ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ አትውረድ!"

ዘርዓይ አንገቱን በእሺታ ነቀነቀና ሞተሩን አጠፋ። ማዶ ያለው ሰው ጋዜጣውን ከፊቱ ዝቅ አደረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ኣስካሉ ወደ ስልክ ቤቱ አልገባችም። መንገዱን ተሻግራ ከፊቱ ቆመች።

"ጌታዬ፣ እርስዎም ወደ ምጽዋ የሚወርዱ ከሆነ ትንሽ ቢቆዩ ይሻላል" አለችው።