ለእንግዳው የነገረችው

አሳየች ለእንግዳው ብላ ጉትቻ ያደረገች ቀን ባሏን መርዳሳን ቅናት ያዘው። ግራ ጡቷ አዲስ አበባ ከተቆረጠ ወዲህ መስታወት ፊት ቆማ አታውቅም ነበር።

እንግዳው ንዋይ የሚባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው። የጡት ነቀርሳ ያገኛቸው ሴቶች ከሆስፒታል ሕክምና ሌላ ምን እንደሚሞክሩ፣ ጠበሉን፣ ሥራ ሥሩን፣ የሶደሬን ፍል ውሃ ሁሉ እየጠየቀ ናዝሬት ውስጥ ቤት ለቤት ይዞራል። «ጓድ ንዋይን ተባበሩት» ብሎ ያመጣው የቀበሌው ሊቀ መንበር ስለሆነ እምቢ አይባልም።

መርዳሳ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በያጅ ነው። አንድ ቀን አሞኛል ብሎ ከሥራ ቀረና ጓዳ የተኛ መስሎ ጆሮውን ጣለ።

«እብጠቷን ያገኘኋት ገላዬን ስታጠብ ነው» ትለዋለች አሳየች ንዋይን። «ለባለቤቴ አክስቴ ታመመች ብዬ ዝዋይ፣ መድኃኒት አዋቂዋ አደ ኢፍቱ ዘንድ ሄድኩ። አሁንም፣ ከተቆረጥኩ ወዲህ ክንዴ ሲያብጥ በቅባት የሚያሹኝ እሳቸው ናቸው። ጠባሳዬን አይተው ‹ጥጃ የረገጠው የጎመን መደብ መሰልሽ› ቢሉኝ አብረን ሳቅን።» ይህን ብላ ደግማ ሳቀች።

መርዳሳ ያን ሳቅ ከሰማው ቆይቷል። መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

«ለመሆኑ ባሏ አንተ ነህ እኔ?»

ንዋይ ደንግጦ ተነሣ። «ጋሼ፣ ለጥናቱ ነው…»

«ውጣልኝ!»

ልጁ እንደወጣ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ለኔ ያልነገርሽውን ለባዳ?»

«እሱ ሰምቶ ይጽፋል፤ አበቃ። አንተ ስትሰማ እህል አትቀምስም፣ ከሰው አትጫወትም። ሕመሜን ትቼ አንተን ሳባብል እውላለሁ። ደከመኝ፣ መርዳሳ።»

ቅናቱ ግን አልለቀቀውም፤ ከወጣቱ ተነሥቶ ዝዋይ ወዳሉት ሴትዮ ዞረ። እሳቸው ያዩትን ጠባሳ እሱ እስካሁን አላየውም።

ለመታሸት ዝዋይ የምትሄድበት እሁድ ሲደርስ «አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት።

አደ ኢፍቱን ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። በኦሮምኛ ሰላም ሲሉት መርዳሳ ፊቱን ሳይፈታ መለሰ።

«የሆስፒታል ቀጠሮዋ እንዳይቀር» አሉት። «የኔ ቅባት ክንዷን ያቀልላታል እንጂ በሽታውን አያድንም።»

አሳየች ነጠላዋን አወረደች። መርዳሳ ጠባሳውን አየ። አሮጊቷ ቅባቱን ሲያነሡ እጁን ዘረጋ።

«ስጡኝ፣ እኔ ልሻት።»

«እጅህ እኮ ሻካራ ነው» አለች አሳየች።

«ቀስ እላለሁ።»

ከጣቷ ጀምሮ ወደ ትከሻዋ፣ ወደ ላይ ብቻ እንዲያሽ አሳዩት።

ንዋይ ዳግመኛ ሲመጣ በሩን የከፈተለት መርዳሳ ነው። ይቅርታ ጠየቀውና ወንበር ስቦ በሁለቱ መካከል ተቀመጠ።

«ክንድዎ እንዴት ነው፣ እትዬ አሳየች?»

«ደህና ነው። የማሻት እኔ ነኝ፤ ጻፍ!» አለ መርዳሳ።

«የተጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለችው አሳየች።

እሷ ስለ ሞት ፍርሃቷ ማውራት ጀመረች፤ ዓይኗ ንዋይ ላይ ነበር። መርዳሳን አንገበገበው። ቢሆንም እስክትጨርስ ከወንበሩ አልተነሣም።